ከአሥር ስንት ትሰጡታላችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአንድ የሀገራችን ምግብ ቤት አምስት ሆነን ተቀምጠን ነበር። ሦስታችን ፊልም አይተን መምጣታችን ነው፤ ሁለቱ ወዳጆቻችን ደግሞ ከሥራ ወጥተው በቀጥታ የመጡ ናቸው። ታዲያ ጥብሱ ገና ሳይቀርብ ስለ ፊልሙ አስተያየት መስጠት የጀመረው ማን ይመስላችኋል? ያላዩት ሁለቱ! አንደኛው «ሰውዬው ሀገራችንን ሲያሰድብ የኖረ ነው፤ ዜሮ!» አለ። ሁለተኛው «ኧረ ምን ትላለህ፣ ኩራታችን ነው፤ እኔ አሥር ከአሥር ሰጥቼዋለሁ» ብሎ መለሰለት። አንዱ ዜሮ፣ አንዱ አሥር፣ ሁለቱም አላዩትም። ከሁለት ሰዓት በላይ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን የወጣነው ሦስታችን እንጀራችንን እየጠቀለልን ዝም አልን።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የምጽፈው ወዳጆቼን ለማማት አይደለም። እኔም ከእነሱ አልሻልም፤ ወደ ኋላ ላይ የምናዘዘው አለኝ። ነገር ግን ከዚያ ምሽት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። እኛ ስደተኞች አንድን ፊልም «ምርጥ ነው» ወይም «አይረባም» ስንል የምንመዝነው ምኑን ነው? ፊልሙን ነው? ሠሪውን ነው? ወይስ ፈረንጅ ጎረቤታችን ምን ይለናል የሚለውን ስጋታችንን?

በበኩሌ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውን ነው እላለሁ። የኛ ሰው የሀገሩን ፊልም ሲያይ አንድ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ፣ ሌላው ዓይኑ አጠገቡ የተቀመጠው ፈረንጅ ላይ ነው። የጭቃ ቤት በታየ ቁጥር ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ፊቱ ላይ ዝንብ ያረፈበት ሕፃን ከታየማ አለቀ፤ ፊልሙ ከዚያ በኋላ ምን ቢናገር አይሰማውም። «ለምን ቦሌን አያሳዩም? ፎቁን ለምን አያሳዩም?» እያለ ይወጣል። ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 የዓለም ቴሌቪዥን ረሃባችንን ካሳየ ወዲህ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያኔ ያልተወለዱት ልጆቻችን ሳይቀሩ በየትምህርት ቤቱ በዚያ ሥዕል ተቀልዶባቸዋል። ቁስሉ የእውነት ነው። ግን በዚያ ቁስል ፊልም መመዘን ከጀመርን የትኛውም ፊልም አያልፍም፤ ቢያልፍም ያለፈበት ምክንያት ስለ ፊልሙ ምንም አይነግረንም።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ልሞክር። ሰሞኑን ካየኋቸውና ደግሜ ካየኋቸው ፊልሞች ለጥቂቶቹ እንደ ድሮ አስተማሪዎቻችን ከአሥር ነጥብ ልስጥ፤ ለምን እንደሰጠሁም ልናገር። አልስማማም የሚል ቢነሳ ደስ ይለኛል። ብቻ አይቶ ይምጣ።

ከ«ጤዛ» ልጀምር። ቅዳሜ ዕለት ያየነው እሱን ነበር። ኃይሌ ገሪማ «ጤዛን» ያወጣው በ2008 ነው። በዚያው ዓመት በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን አገኘ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። ታሪኩን ለማታውቁት፦ አንበርብር ጀርመን ሀገር ሕክምና የተማረ ሰው ነው። በደርግ ማብቂያ ዘመን አንድ እግሩንና ግማሽ ትዝታውን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ፣ ወደ እናቱ ይመለሳል። እናቱም ወንድሙም መንደርተኛውም አንድ ነገር ይጠብቁበታል፤ ፈረንጅ ሀገር ተምሮ የመጣ ነዋ! እሱ ግን የሚሰጣቸው የለውም። ሌሊት እየጮኸ ይነቃል። ቀን ቀን የመንደሩ ልጆች ለጦርነት ሲታፈሱ ያያል።

ፊልሙ ውስጥ እኔን ያስጨነቀኝ ድብደባው ወይም ደሙ አልነበረም። ክርክሩ ነው። ጀርመን ሀገር አንድ ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ተሰብስበው ስለ አብዮት ይከራከራሉ። ጣት አቀሳሰራቸው፣ ድምፃቸው ከፍ ከፍ እያለ መሄዱ፣ ማንም ማንንም አለማዳመጡ፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሳይጨርስ «አቋምህ ግልጽ አይደለም!» ማለቱ፤ ያን ክፍል አውቀዋለሁ። ከ50 ዓመት በኋላ እዚህ አለ፤ አሌክሳንድሪያም አለ፣ ጆርጂያ አቬኑም አለ። ጃኬቱ ነው የተለወጠው። ኃይሌ ያንን ያየው በፍቅር ነው፣ አያላግጥባቸውም፤ ነገር ግን ከዚያ ክፍል የወጡት ሰዎች ምን እንደደረሰባቸውና ምን እንዳደረሱ ሳይደብቅ ያሳያል። የደርግን ዘመን በሚመለከት ይህን ያህል ራሱን የሚጠይቅ የአማርኛ ፊልም ሌላ አላየሁም።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። 140 ደቂቃ ነው። ጊዜውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያመላልሰው ባለቤቴ ሁለት ጊዜ «አሁን የት ነን?» ብላኛለች፤ አንድ ጊዜ እኔም አላወቅሁም። አንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ደግሞ ሰው መሆኑ ይቀርና ንግግር ተሸክሞ የመጣ መልእክተኛ ይሆናል። ስምንት ተኩል ከአሥር። ግማሿ ለእናትየዋ ናት።

ያን ዜሮ የሰጠውን ወዳጄን «ምኑ ነው ያሰደበን?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ገበናችንን ለፈረንጅ አሳየ» አለኝ። ይኸው ፊልም እኮ የጀርመን ዘረኞች አንበርብርን ቀጥቅጠው እግሩን ሲያሳጡትም ያሳያል። ያ የማን ገበና ነው? ወዳጄ ይህን አያውቅም፤ ያየው የለማ።

አሁን «ድፍረት»። ነጥብ ለመስጠት ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሠርቶት በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል። መነሻው በ1996 በእርግጥ የደረሰ ነገር ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች፣ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች፣ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት። ጠበቃዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ በ2018 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2023 መጀመሪያ አገልግለዋል። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋን ሆና የምትጫወተው ሜሮን ጌትነት ናት።

እዚህ ሀገር ፊልሙ ሲመጣ አሥር የሰጡት ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ፤ ጉዳዩ የገባቸውና የአንጀሊና ጆሊን ስም በፖስተሩ ላይ ያዩ። ዜሮ የሰጡት ግን አንድ ዓይነት ናቸው፤ «ጠለፋን ለፈረንጅ ማሳየት ለምን አስፈለገ?» የሚሉ። እኔም በዚያን ጊዜ እንደ ጋዜጠኛ ሽንጤን ገትሬ ስከራከራቸው ነበር። ስለ ፊልሙ አሠራር ማንም አላነሳም። ለምሳሌ የሽማግሌዎቹን ሸንጎ እንውሰድ። ሽማግሌዎቹ ጭራቆች አይደሉም፤ ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ ተራ ይጠባበቃሉ፣ ቋንቋቸው ያማረ ነው። የሚያስፈራውም እሱ ነው፤ ያ ሁሉ ጨዋነት ባለበት ሸንጎ ላይ ልጅቷ የለችም። ዳይሬክተሩ ይህን ሳይጮኽ አሳይቶናል። በሌላ በኩል ደግሞ የከተማው ክፍል ይደርቅብኛል፤ ቢሮ፣ ስልክ፣ ፋይል፣ እንደገና ቢሮ።

ነገር ግን ሌላም ነገር ነበር። በመስከረም 2014 ፊልሙ አዲስ አበባ ሊመረቅ እንግዶች ተሰብስበው ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። እግዱን የጠየቀችው ሌላ ማንም ሳይሆን የታሪኩ ባለቤት ነበረች፤ ሕይወቴ ሳልጠየቅ ፊልም ሆነ ብላ። በኋላ እግዱ ተነስቶ ታየ። እሷ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» እያለች እኛ ግን እዚህ ማዶ ተቀምጠን «ፈረንጅ ምን ይለናል?» እንባባል ነበር። ስለ እሷ ጥያቄ አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ አልታየኝም። ለፊልሙ ሰባት ከአሥር እሰጣለሁ። ለኛ ለተመልካቾቹ ነጥብ መስጠቱን ለናንተ ትቼዋለሁ።

ያሬድ ዘለቀ በ2015 ያወጣው «ላምብ» በካን ፌስቲቫል ኦፊሴላዊ ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል እናቱ የሞተችበት ልጅ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ልጁ ያለው አንዲት በግ ብቻ ናት፣ ቹኒ፤ አጎትየው ደግሞ ቹኒን ለመስቀል ሊያርዳት ይፈልጋል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ አጎትየው በዚያም ይናደዳል። እንግዲህ ይህን ፊልም ሁሉም ሰው ወደደው። ለምን መሰላችሁ? አረንጓዴ ነው! ተራራው፣ ጉሙ፣ ሜዳው። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች «ሀገራችን እንዴት ታምራለች» ሲሉ ነው ፊልሙ ያለቀው። ያም ቢሆን ያው ነው፤ ፈረንጁ ፊት ስላላፈርን ለተራራው አሥር ሰጠነው። ልጁን ማን አየው? ያ ልጅ ሲቀመጥ፣ ሲያኮርፍ፣ በጉን ሲያቅፍ አሥር ቃል አይናገርም፣ ግን ሁሉን ይነግራችኋል። ታሪኩ መሐል ላይ ይንጠባጠባል፤ ሰባት ተኩል። እዚህ የተወለደችው ልጄ ግን አሥር ሰጥታ ለሁለት ሳምንት ያህል ቅቅል አልበላም ብላ አስቸገረችን።

«ፋያ ዳዪ» ላይ ልታዘብ የሚገባኝ ራሴን ነው። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ለብዙ ዓመታት እየተመላለሰች የቀረፀችው፣ በ2021 የወጣ፣ ስለ ጫትና ስለ ሐረር ሰዎች የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። መጀመሪያ ያየሁት የሌሊት ሥራ ውዬ ነው። ተኛሁ። ስነቃ ጭስ አየሁ፤ እንደገና ተኛሁ። በማግስቱ ለሰው ሁሉ «አራት ከአሥር፣ ታሪክ የለውም» አልኩ። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡና ጠጥቼ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ እንደገና ከፈትኩት። ወይ ጉድ! የፊልሙ አካሄድ ራሱ የምርቃና አካሄድ ነው፤ ሐሳብ ይጀመራል፣ ይቆማል፣ በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል። በመሐሉ ወጣቶቹ ባሕር ተሻግሮ ስለ መሄድ ያወራሉ። አንዱ መሄድ ይፈልጋል፣ አንዱ የሄደበትን ሰው ይናፍቃል። እኛ የተሻገርነው ሰዎች ይህን ቁጭ ብለን ካላየን ማን ሊያየው ነው? ስምንት ከአሥር። አራቷ ነጥብ የእንቅልፌ ነበረች።

በነገራችን ላይ «ጥቁርና ነጭ ያደረገችው ድህነታችንን ለማጉላት ነው» የሚል ሰው ገጥሞኛል። መልስ የለኝም።

በ2005 የወጣ አንድ የፈረንሳይ ፊልም አለ፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደ ማለት ነው። ሱዳን ስደተኞች ሰፈር ያለች ክርስቲያን እናት ልጇን ለማትረፍ በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ከሚወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ጋር ቀላቅላ ትሰደዋለች። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሰው ሆኖ ይኖራል። እስራኤል እንደደረሰ ገላውን ሲያጥቡት ውሃው ወደ ጉድጓዱ እየፈሰሰ ሲጠፋ አይቶ በእጁ ሊያስቀር የሚታገልበት ቦታ አለ፤ ያንን ካየሁ በኋላ ቧንቧ ከፍቼ ጥርሴን አልፋቅሁም። ሠሪው ራዱ ሚሃይሌኑ ሩማንያ ተወልዶ ፈረንሳይ የሚኖር ሰው ነው። «የኛን ታሪክ ፈረንጅ ምን አገባው?» ብለው ነጥብ የሚቀንሱበት አሉ። ታዲያ የጎንደሩ ኃይሌ ገሪማ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ባርነት «ሳንኮፋን» ሲሠራ ማን ጠየቀው? ዘጠኝ ከአሥር፣ ያለ ክርክር።

ዩቲዩብ ላይ ያሉትን የአማርኛ ፊልሞች ረሳህ እንዳትሉኝ። እንደውም እውነቱን ለመናገር ከላይ ከዘረዘርኳቸው ሁሉ ይልቅ የማየው እነሱን ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል፣ ፊልሙ ይከፈታል። ሀብታም ልጅ፣ ደሃ ልጅ፣ ደረጃ ያለው ቪላ፣ ደረጃውን የምትወርድ ክፉ እናት፣ ሆስፒታል። ስልክ ሲደወል ሦስት ደቂቃ ይደወላል። ማጀቢያ ሙዚቃው ከተዋናዮቹ ጋር እየተጣላ ነው። ግን ልጆቼ «ኧረ በናትህ!» ማለትን የተማሩት ከእኔ አይደለም፣ ከዚያ ነው። ከአቦል በፊት አራት፣ ከበረካ በኋላ ስድስት።

እንግዲህ ወደ ኑዛዜዬ ልምጣ።

የዛሬ 12 ዓመት ገደማ አንድ የሀገራችን ልጅ እዚሁ አካባቢ ፊልም ሠራ። ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ፣ ቅዳሜና እሑድ እየቀረፀ፣ ከማኅበረሰባችን የመጡ ሰዎችን እያጫወተ፣ በሁለት ዓመት ጨረሰው። ከመታየቱ በፊት ጋዜጠኛ ነው ብሎ እኔን ጠራኝና ሳሎኑ ውስጥ አሳየኝ። ባለቤቱ ዳቦ ቆርሳ፣ ቡና አፍልታ፣ አጠገባችን ቆማ ፊቴን ታያለች።

ድምፁ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ታሪኩ የሦስት ፊልም ታሪክ ነው፤ ፍቅርም፣ ፖለቲካም፣ የዕፅ ነጋዴዎችም አሉበት። ግን መሐል ላይ አራት ደቂቃ የምታህል አንዲት ቦታ ነበረች። ሰውየው በፓርኪንጉ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ እናቱን በስልክ ያነጋግራል። «ቢሮ ነኝ እማዬ» ይላታል። መኪና መጥቶ ጥሩምባ ሲነፋ «የስብሰባ ደወል ነው» ብሎ ይዘጋል። አለቀ። እንባዬ መጣ። ያቺን አራት ደቂቃ ከብዙ ተሸላሚ ፊልም አላሳንሳትም።

ታዲያ ምን ብዬ ጻፍኩ? «በስደት ላለው የኢትዮጵያ ፊልም አዲስ ምዕራፍ ተከፈተ» ብዬ። ስለ ድምፁ ዝም። ስለ ሦስቱ ታሪክ ዝም። የሚገርመው ስለ ስልኩም አልጻፍኩም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ካመሰገንክ የትኛውንም ነጥለህ አታመሰግንማ። ሌሎችም እንደኔው «በርታ! ግሩም ነው! አሥር ከአሥር!» አሉት። የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ሞላ፤ 25 ዶላር የከፈለው ወዳጅ ዘመድ፣ አብሮ አደግና የዕቁብ ጓደኛ ነበር። እሱ ግን አመነን። ለሁለተኛው ፊልም ቤቱን አስይዞ ተበደረ።

ለሁለተኛው ፊልም የመጣው ሰው 30 አይሞላም። ድምፁ ያው ከጋን ውስጥ ነው። ታሪኩ አሁን አራት ሆኗል። እንደ ስልኩ ያለች ቦታ አንዲትም የለችም፤ ማን ነግሮት! መውጫው በር ላይ ቆሞ የወጣውን ሰው ሁሉ እጁን ይዞ «እንዴት አያችሁት?» ይላል። ሁላችንም «በርታ» እያልን ወደ መኪናችን ሄድን። ቤቱን ለማዳን በነበሩት ሁለት ሥራዎች ላይ ሦስተኛ ጨመረ።

ያን ጽሑፍ የጻፍኩት እሱን ለማበረታታት ነው ብዬ ራሴን ለዓመታት ሸንግዬዋለሁ። ሀገር ቤት ጋዜጣ ላይ ስሠራ ባለሥልጣን ነቅፌ ጽፌያለሁ፣ በዚያም ምክንያት ነው እዚህ ያለሁት። የአንድ ወዳጄን ፊልም «ድምፁ አይሰማም» ለማለት ግን ፈራሁ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆማ ፊቴን እያየች ነበር።

ነጥብ መስጠት ቀልድ ነው የምትሉ ካላችሁ «ሳንኮፋን» አስታውሱ። በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀርቦ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው ድርጅት ጠፋ። ኃይሌና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና እዚሁ ዋሺንግተን ራሳቸው ሲኒማ ቤት ተከራይተው አሳዩት። የጥቁሩ ማኅበረሰብ ቲኬት ቆርጦ ገባ፣ ሲወጣ ለጎረቤቱ ነገረ፣ ጎረቤቱም ቆርጦ ገባ። እንዲህ እያለ ለሳምንታት ቆየ፤ ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ ሄደ። በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው ያ ፊልም ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለውን ሳንኮፋ የመጻሕፍት መደብር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ፊልም ነው። ያን ሁሉ ያቆመው አይቶ የወጣ ሰው ለሌላው የነገረው ቃል ነው። ቃሉ የታመነውም ተናጋሪው ከፍሎ፣ ተቀምጦ፣ እስከ መጨረሻው አይቶ ስለ ወጣ ነው።

እኛስ? የአንድ የሀገራችን ሰው ፊልም ወጣ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ዩቲዩብ ላይ አለ?» የሚል ነው። እኔ ራሴ «ጤዛን» መጀመሪያ ያየሁት ከአንድ ሱቅ በአምስት ዶላር በገዛሁት የተገለበጠ ዲቪዲ ነበር። ዲስኩ ወደ መጨረሻው ላይ ይንተባተብና ይቆማል። ስለዚህ የፊልሙን ፍጻሜ ያየሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ «ጤዛን አይቻለሁ» እያልኩ፣ በየገበታው ስከራከርበት፣ ስጽፍበት ኖሬ መጨረሻውን አላውቀውም ነበር! ያንን ሌሊት ለወዳጆቼ ስነግራቸው ዜሮ የሰጠው ወዳጄ እስኪያንቀው ሳቀ። መጨረሻውን ለእናንተም አልነግራችሁም። እሱም ለማየት ተስማምቷል፤ ቲኬቱን እኔ ከገዛሁለት ነው። እሺ ብያለሁ።

ያ የፓርኪንጉ ሰው ደግሞ ባለፈው ወር ደወለልኝ። ሦስተኛ ፊልም ጽፏል። ቤቱ ተርፏል፣ ልጆቹ አድገዋል፣ አሁንም ሌሊት ይሠራል። «እባክህ አንብብልኝ» ብሎ 96 ገጽ ሰጠኝ። በእርሳስ እያሰመርኩ አነበብኩትና ያን የመጀመሪያውን ጽሑፌን ጉዳይም አንስቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ ሽፋኑ ላይ «4 ከ10» ብዬ ጽፌ መለስኩለት። ለረጅም ጊዜ ቁጥሩን አየው። ባለቤቱ አልነበረችም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

«ለምን አራት?» አለኝ።

ገጽ 1ን ገለጥኩ። አስተናጋጇ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ መስቀል ስትጀምር ገጽ 31 ላይ ነበርን። ሐሙስ እንቀጥላለን።